ሰጋቱራ የሚባለው ሰፈራችን

እርጥብ ሰጋቱራ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ ያቅለሸልሸኛል። ደረቁን ማለቴ አይደለም፤ ደረቁማ የአባቴ ሽታ ነው። አረቄና አክታ የጠጣውን፣ ጫማ ሲያቦካው ያደረውን፣ ጠዋት በአካፋ ተዝቆ ደጃፍ ላይ የሚደፋውን ነው የምለው። ያደግሁበት ሰፈር መጠሪያው ይኸው ነበር፤ ሰጋቱራ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኛን ሰፈር ስም መልአክ አውጥቶት ከሆነ፣ ሰዎች ሲያቆሽሹት ግን ፊቱን አዙሮ ነበር።

ስሙ ሲወጣ የሚያኮራ ስም ነበር። አባቴ ወደዚያ የመጣው ገና ጢሙ ሳያቀምቅም ነው፤ አካባቢው ሁሉ ጽድና ዝግባ እንደነበረ፣ በቀትር እንኳ ፀሐይ እንደማይገባበት ይነግረን ነበር። መጋዝ ሳቢዎቹ ግንዱን ከፍ ያለ ርብራብ ላይ ያወጡና አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ ይስባሉ። ከላይ የቆመው መስመሩን ይጠብቃል፤ ከታች የቆመው ሰጋቱራውን በፊቱ ይቀበላል። አባቴ የታችኛው ነበር። ሥራውን ከተወ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ የዓይኑ ቅላት አልለቀቀውም። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የሹማምንት ቤት ወለል ከእነሱ እጅ ወጣ። የረገፈው ሰጋቱራ ተከምሮ ተከምሮ ጉብታ አከለ፤ ከሩቅ ስለሚታይም ሰው ሰፈሩን በእሱ ጠራው።

በዚያን ጊዜ የሰጋቱራ ሰው ማለት ሙያ ያለው፣ ቤቱን በጣውላ በር የሚዘጋ ሰው ማለት ነበር። ሌላው አጣና ገጣጥሞ በጠፍር በሚያስርበት ዘመን የእኛ ሰፈር በር ማጠፊያና መቀርቀሪያ ነበረው። አባቴ እናቴን ለማጨት ሽማግሌ ሲልክ ዘመዶቿ «ለሰጋቱራው ልጅማ ምን ይባላል!» ብለው ደስ እያላቸው እንደሰጡት ሲያወራ አይጠግብም። እናቴ ደግሞ «ደስ ያላቸውስ እነሱ ናቸው፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» ትለውና ሁለቱም ይስቃሉ።

ከዚያ ዛፉ አለቀ። እንዴት አያልቅ? ሲቆርጡ እንጂ ሲተክሉ ያየ የለም። በጽዱ ፋንታ የበቀለው ባሕር ዛፍ ለአጥርና ለማገር የሚሆን ቀጭን ነገር ነው፤ መጥረቢያ እንጂ መጋዝ ሳቢ አይፈልግም። የአባቴ ጓደኞች ጫካ ወዳለበት ቆላ ወረዱ። እሱ ቀረ። መጋዙን ዘይት ቀብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለውና በመጥረቢያና በመሮ በርጩማና አልጋ እየሠራ እኛን ማሳደግ ያዘ። የጓደኞቹ ቤቶች ባዶ ቆዩ። በኋላ መንገዱ ተሻሽሎ የጭነት መኪና ሾፌሮች እዚያ ማደር ሲጀምሩ፣ ጥሩ ጥሩ በር ያላቸውን እነዚያን ቤቶች አረቄ ሻጮች ተከራዩዋቸው። ከክፉ ባል የሸሹ፣ ወላጅ ሞቶባቸው መግቢያ ያጡ የገጠር ሴቶችም መጥተው ገቡባቸው።

በሴቶቹ አልፈርድም፤ ያኔም አልፈረድሁም። እኔን የሚያንገሸግሸኝ ሌላ ነው። የአረቄ ቤቱ ወለል አፈር ነው። ጠጪው ያስታውክበታል፣ ይተፋበታል፣ አንዳንዱ መነሣት ሰልችቶት እተቀመጠበት ይሸናል። ሴቶቹ ታዲያ ከጉብታው ሰጋቱራ በቁና እየዘገኑ ይነሰንሱበት ጀመር። ጉብታው ሲያልቅ ከከተማ ከእንጨት ቤት በጆንያ ያስመጡ ነበር። ጠዋት ስወጣ የትናንቱን ጠርገው መንገዱ ላይ ደፍተውት አገኘዋለሁ፤ ረጥቦ፣ ጠቁሮ፣ የሲጋራ ቁራጭና የዶሮ አጥንት ይዞ። ነጠላየን አፍንጫየ ላይ አድርጌ በጥግ በጥግ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ውሻ ሲበላው አየሁና የበላሁትን ቁርስ እዚያው መለስሁት።

ወደዚያ የሚመላለሰው ወንድ የሰፈራችንን ስም ወስዶ፣ አቆሽሾ፣ መልሶ እላያችን ላይ ወረወረው። «ሰጋቱራ ወረድሁ» ማለት ሴት ቤት ሄድሁ ማለት ሆነ። «ሰጋቱራ ናት» ማለት ሁሉም የሚተፋባት ናት ማለት ሆነ። ይኸን ያመጡት ሾፌሮቹ አይደሉም፤ ሾፌርማ አድሮ ይሄዳል። የከተማው የተከበሩ ሰዎች ናቸው ያመጡት፤ በበዓል ቀን ካባ ደርበው ከፊት የሚቀመጡት፣ ሰው ሲጣላ አስታራቂ የሚሆኑት። አመሻሽ ላይ ኮሌታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይገባሉ፤ ሲወጡ እግራቸውን አራግፈው ይሄዳሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ ስማችንን ሲያነሡ አፋቸውን ያጣምማሉ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነገሩ ወደ ልጆቹም ወርዶ ነበር። ወደ ክፍል ስገባ ወንዶቹ እዚያ ቤት ሰጋቱራ እንደሚረገጠው ወለሉን በጫማቸው ሸር ሸር ያደርጉታል። ቃል አይናገሩም፤ መምህሩም ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ጥቁር ሰሌዳውን ይጠርጋል።

ይኸን ሁሉ የማያውቅ ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ነበር። ለንስሐ አባቱ ቃል ከገባ ወዲህ ከማኅበር ጽዋ በቀር መጠጥ አይቀምስም። መንገዱም ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ነው፤ እሱም በጓሮ በኩል። ሰካራም መኖሩን ያውቃል፤ «መንገደኛ ነው፣ ያልፋል» ይላል። አንድ ጊዜ ከነዚያ ሴቶች አንዷ አልጋ ልታሠራ መጣች። አሳምሮ ሠራላትና ስትወስደው «ልጆች ውለጅበት፣ ክፉ አይንካሽ» ብሎ መረቃት። ልጅቱ ጉልበቱን ስማ እያለቀሰች ሄደች። «ምን ሆና ነው?» ቢለን እናቴ «ዘመድ ሞቶባት ነው» አለችው። እናቴ የሁላችንንም አፍ አስይዛ ነበር። «ይኸ ነገር ከጆሮው ከገባ ሰው አይሆንም» ትለናለች። እሱም ሰው ባገኘ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ «እኔ የሰጋቱራ ሰው ነኝ» ይላል።

ስምንተኛን ጨርሼ እዚያው ከተማ ትንንሽ ልጆች ማስተማር ስጀምር፣ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ የደብረ ኤልያስ ልጅ ሊያገባኝ ፈለገ። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ርስትም ክብርም ያላቸው። ልጁ ዝምተኛና ንጹሕ ነበር፤ ጠመኔ የነካ እጁን ሳይታጠብ ሰው አይጨብጥም። ወደድሁት። ሰፈሬን ያውቀዋል፤ አንድም ቀን በክፉ አንሥቶት አያውቅም። ለእኔ ይኸ ብቻ እንኳ ይበቃኝ ነበር። የሰጋቱራ ልጅ ተብየ የተከበረ ቤት ከገባሁ የአባቴም ኩራት ሳይነካ ይኖራል፣ የእኔም አፍንጫ ያርፋል ብየ አስብ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው የመሪጌታ አጎት ናቸው፤ ጢማቸው የነጣ፣ በበቅሎ ከደብረ ኤልያስ የመጡ። አብሯቸው የመጣው ዘመድ «ልክ ነው» ከማለት በቀር ቃል ያልወጣው ሰው ነበር። ሦስተኛው የመሪጌታ ታናሽ ወንድም፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቢሮ የሚውል፣ ከረባት የሚያስር ነው። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ጥግ አያለሁ። ሽማግሌው ቆመው ልጅዎን ለልጃችን አሉ፤ አባቴ ካስቆማቸው በኋላ ተቀመጡ አለ፤ እንደ ወጉም በመጀመሪያው ቀን እሽ ሳይል ዘመድ ላማክርና ተመለሱ አላቸው። ሲሸኛቸው ግን ደስታው አሸነፈው።

«ለመሪጌታ ሰላምታየን አድርሱልኝ» አለ። «የሰጋቱራ ልጅ ናት በሉልኝ። የደብራቸውን ጣሪያ ጣውላ የሳብሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። የከተማው ሰው በመሐረብ አፉን ሸፍኖ ሳለ። ሳል አልነበረም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ያን ሰው አውቀዋለሁ። በገበያ ቀን ከአረቄው ቤት ወጥቶ የጫማውን ሶል ከአጥራችን ድንጋይ ላይ የሚፍቀው እሱ ነው። ድንጋዩን በአመድ የማጥበው እኔ ነኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ የተመለሱት በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ዘመዱን አማክሮ ጨርሷል፤ እናቴ ለእንግዶቹ ዶሮ ሠርታለች፤ እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ጓዳ ተቀምጫለሁ። እንግዳ ሲገባ እግር ይታጠባልና እናቴ ውኃ አሙቃ፣ ሳፋ ይዛ ተንበረከከች። የከተማው ሰው «እኔስ ይቅርብኝ፣ በጫማ ነኝ» ቢል አባቴ «ከቤቴ የገባ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ካልሲውን ሳይቀር አስወለቀው። አጥባ ስትጨርስ ሳፋውን እንድደፋው በመጋረጃው ሥር ወደ እኔ ገፋችልኝ።

ልደፋው ጎንበስ ስል ሽታው መታኝ። ውኃው ላይ ሰጋቱራ ይንሳፈፋል። ያበጠ፣ የጠቆረ፣ የአረቄ ቅርናት ያለው ነው፤ አንድ የክብሪት እንጨትም አብሮት ይዞራል። አባቴ መጋዝ ከሰቀለ ዘመን አልፎታል፤ ከግቢያችን ፍላጭ እንጂ ሰጋቱራ አይወጣም። ሊያጩኝ የመጡት ሽማግሌዎች መጀመሪያ እዚያ ቤት ተቀምጠው፣ እግራቸውን እዚያ ውስጥ አሽተው ነው የመጡት። እናቴም አይታዋለች፤ በእጇ ነው ያጠበችው። ዶሮውና ሳፋው አንድ ላይ ሸተቱኝ፤ ነጠላየን አፍንጫየ ላይ አደረግሁ።

እዚያ ማዶ ጨዋታው ቀጥሏል።

«መሪጌታ ጋብቻውን አልጠሉም» አሉ ሽማግሌው። «ልጅቱንም አመስግነዋል። አንድ ነገር ብቻ ይለምኑዎታል።»

«ይበሉ እንጂ የኔ ጌታ።»

«ሰርጉ እዚህ ባይሆን። ልጅቱ ከጉንደ ወይን፣ ከእህትዎ ቤት ብትወጣ፤ ሙሽራውም ከዚያ ቢወስዳት።»

ልጅ የምትወጣው ከአባቷ ደጃፍ ነው። የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ምርቃቷን ተቀብላ። አባቷ በሕይወት እያለ ከሌላ ቤት የምትወጣ ሙሽራ አባቷ የማይታይ ሰው ነው ማለት ነው። አባቴ ግን ቤቱ ጠቧቸው መሰለውና ሳቀ።

«ስለ ቦታው አያስቡ» አለ። «ዳስ እጥላለሁ። መድረኩን ራሴ እሠራዋለሁ፤ መቶ ሰው ቢመጣ ይቀመጣል!»

«የዳስ ነገር አይደለም» አሉ ሽማግሌው።

የጨረሰላቸው የከተማው ሰው ነው። «ስሙ ነው ጌታው። የሰፈሩ ስም። እንግዲህ ያውቁት የለም።»

«አላውቅም።»

«ሰጋቱራ ሲባል ዛሬ የሴትኛ አዳሪ መጠሪያ ነው። ሙሽሪት ከወዴት ወጣች ቢባል ከሰጋቱራ ከተባለ የመሪጌታ ቤት መሳቂያ ይሆናል።» ይኸን ሲል እግሩ ገና አልደረቀም ነበር።

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ቀና አላለችም። ያን ጊዜ እውነት መሆኑን ዐወቀ። በጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ገልብጦ መዳፉን ያይ ጀመር።

«ልጁስ?» አለች እናቴ ከመሬት። «እሱስ ምን ይላል?»

«ልጁ ተስማምቷል» አሉ ሽማግሌው።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ያ እጁን ሳይታጠብ የማይጨብጥ ሰው አባቴን እንደ ጫማ አውልቆ ሊጥለው ተስማምቷል። እንደዚያ የወደድሁት ሰው በአንድ ትንፋሽ አስጠላኝ፤ አጠገቤ ባይኖርም የጠመኔው ሽታ ሳይቀር ከረፋኝ።

አባቴ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ መለሰ። «እሽ» አለ። «ልጄ ትዳሯ አይቅርባት። ከእህቴ ቤት ትውጣ።»

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም!» አለች እናቴ። አልሰማትም።

በሕይወቴ እንደዚያች «እሽ» የቀፈፈኝ ቃል የለም። ያን የመሰለ ሰው፣ እንዲያ የሚኮራው ሰው፣ ለእኔ ብሎ ራሱን ሲያዋርድ ለማየት ነው እንዴ አዲስ ቀሚስ የለበስሁት? ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ የምትታጭ ልጅ ከጓዳ አትወጣም፤ ብትወጣ ነውር ነው። ሳፋውን አንሥቼ ወጣሁ። መካከላቸው አስቀመጥሁት፤ ውኃው ተንቦጫርቆ የከተማውን ሰው ሱሪ ነካው።

«እኔ ከየት እንደምወጣ ከመወሰናችሁ በፊት» አልሁ፣ «እናንተ አሁን ከየት ወጥታችሁ እንደመጣችሁ ለአባቴ ንገሩት።»

«ምን ትላለች ይቺ?» አለ የከተማው ሰው። «ሰጋቱራው ከግቢያችሁ ነው! አባትሽ እንጨት ይሠራ የለም እንዴ?»

ሽማግሌው ሳፋውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። «ተው አንተ» አሉት። «ልጅቱ እውነቷን ነው። ገበያ ውለን ደክሞን አንድ መለኪያ እንቅመስ ብለን ከዚያ ተቀምጠን ነበር። የወሰድኸንም አንተ ነህ።» በትራቸውን ይዘው ተነሡ። «ይቅር ይበሉን ጌታው። ዛሬስ ለሽምግልና የምንሆን ሰዎች አይደለንም።» ዝምተኛው ዘመድ «ልክ ነው» ብሎ ተከተላቸው። የከተማው ሰው አንድ ካልሲው ጠፍቶበት ሲፈልግ ቆየ፤ ሲያጣው በባዶ እግሩ ጫማውን አጠለቀና ከደጃፉ ላይ ዞሮ «ድሮም የሰጋቱራ ልጅ!» ብሎኝ ሄደ። በአባቴ ፊት ነው ያለኝ።

ሙሽራ የተባለው ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ጠብቆ «ስም ብቻ እኮ ነው፣ ምን አካበድሽው?» አለኝ። «ስም ብቻ ከሆነ አንተስ ምን አስፈራህ?» ብየው ወደ ልጆቼ ገባሁ። እሱ ግን የሰኞ ነው፤ ያን ቀን የሆነውን ልጨርስ።

አባቴ ይቆጣኛል ብየ እጠብቅ ነበር። እግሩን ታጥቦ የተቀመጠ እንግዳ ማዋረድ በእሱ ዘንድ ከባድ ነገር ነው። አልተቆጣኝም። እናቴ ሳፋውን ልትደፋ ብታነሣ እጇን ያዛትና መልሶ አስቀመጠው። በርጩማውን ወደ ሳፋው ጎተተ፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ አሸተተው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ንገሪኝ» አለኝ። «ሳትደብቂ።»

እናቴ «ተዪው» አለችኝ። ነገርሁት። ሾፌሮቹን፣ ካባ ለባሾቹን፣ «ሰጋቱራ ወረድሁ» የሚሉትን፣ ክፍል ስገባ ወለሉን በጫማቸው የሚያሹትን ልጆች። አልጋ ያሠራችው ልጅ ለምን እንዳለቀሰችም ነገርሁት። ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደ ኑዛዜ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፤

«ማኅበራችን ላይ ጽዋ ስቀበል ሁልጊዜ ‹እኔ የሰጋቱራው› ብየ ነው የምነሣው። እንዲያ ስል ሁሉም ይስቃሉ፤ ቄሱም ሳይቀሩ። ወደውኝ ነበር የመሰለኝ። እኔም እኮ አብሬያቸው እስቃለሁ።»